የኦፔራ ቤት የዳንስ ሌሊት፦ ቪየና ልግባ፣ ድሬስደን አደባባይ ልቁም ወይስ ሥዕሉን ልይ?

ስለ አውሮፓ ኦፔራ ቤቶች የዳንስ ግብዣ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ስለ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ጭምብል ነው፦ ልዕልትና ልብስ ሰፊ በአንድ ወለል ላይ የሚጋፉበት፣ ማን ማን እንደሆነ የማይለይበት፣ ሚስት የገዛ ባሏን በማታውቀው ሴት ስም የምታጠምድበት ሌሊት። ሁለተኛው መታየት ነው፦ ወለል የሚጠርግ ነጭ ቀሚስ፣ ጭራ ያለው ጥቁር ኮት፣ የቴሌቪዥን ካሜራ፣ በግል ሰገነት ላይ የተቀመጠ ሚኒስትር። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ዓላማቸው ተቃራኒ ነው፤ በአንዱ ሰው የሚከፍለው እንዳይታወቅ ነው፣ በሌላው እንዲታወቅ።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛውን እንደምትፈልጉ ለዩ። መታየቱን የሚፈልግ ሰው ቀኑም፣ ቦታውም፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ጭምብሉን የሚፈልግ ግን በአብዛኛው የሚያገኘው ሙዚየም ግድግዳ ላይ፣ ኦፔራ መድረክ ላይና ልብወለድ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ሁለቱንም እያነጻጸርኩ እሄዳለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭምብሉ የተጀመረበት፦ ፓሪስ

ሉዊ 14ኛ በ1715 ሲሞቱ ዘውዱን የወረሰው የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። አገሩን በእንደራሴነት የያዙት የኦርሌያን መስፍን ፊሊፕ ደግሞ የቬርሳይን የተኮሳተረ ኑሮ የማይወዱ፣ ፓሪስንና ምሽቷን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ፈቃድ ወጣ፤ በጃንዋሪ 1716 የመጀመሪያው የጭምብል ዳንስ በኦፔራ ቤቱ ተደረገ። አዲስ ያደረገው ጭምብሉ አልነበረም፤ የከፈለ ሁሉ መግባቱ ነበር። የተመልካቹን ወለል ከመድረኩ ጋር እኩል ከፍ የሚያደርገውን መሣሪያ የሠሩት አንድ የቀርሜሎስ መነኩሴ ናቸው ይባላል። ገዳሙ ምን እንዳለ የጻፈ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለመቶ ዓመት ያህል ትልልቆቹ ሰዎች ራሳቸው እዚያ ይገቡ ነበር። ማሪ አንቷኔት ገና የአልጋ ወራሹ ሚስት ሳለች፣ በጃንዋሪ 1774፣ ወሬው እስከ ዛሬ ያላበቃውን ስዊድናዊ መኮንን አክሴል ፎን ፌርሰንን ያገኘችው በዚህ የጭምብል ዳንስ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደዚያው ስትሄድ ሠረገላዋ መንገድ ላይ ተሰብሮ በኪራይ ጋሪ ደረሰች፤ እሷ ነገሩን በሣቅ ለሰው ሁሉ አወራችው፣ ከተማው ግን ሌላ ታሪክ ሠራበት። ጭምብል ስም ይደብቃል፤ ከቤተ መንግሥት ሐሜት ግን አያድንም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መልኩ ተለወጠ። በ1830ዎቹ ፊሊፕ ሙዛር የሚባል የኦርኬስትራ መሪ ዘለግ ያለ ጨዋ ዳንስን ወደ እብደት የቀየረ፣ ጋሎፕ የሚባል ፈጣን ዳንስ አመጣ። ሴቶቹ ጥቁር ካባና ጭምብል እንደለበሱ ቀሩ፤ ወንዶቹ ጭምብሉን አውልቀው በጥቁር ሱፍና በረጅም ባርኔጣ መምጣት ጀመሩ። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ወደ ሥዕሉ ስንመጣ ቁልፉ እሱ ነው። ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ያ ዳንስ የለም። በ1875 የተከፈተውን የጋርኒዬ ኦፔራ ሕንፃ ግን መግቢያ ከፍላችሁ በቀን ልትጎበኙት ትችላላችሁ፤ ታላቁ ደረጃው የተሠራው ሰው ሰውን ሲወጣና ሲወርድ እንዲያይ ነው፣ ያንን ለማየት ደግሞ ሙዚቃ አያስፈልግም።

ቪየና፦ ለመታየት የሚከፈልበት ሌሊት

የቪየናው ግብዣ ኦፐርንባል ይባላል። ቀኑ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ያለው ሐሙስ። እኛ ጾሙ ሊያዝ ሲል ለቅበላ ሥጋ ቤት እንደምንሞላው እነሱም ከጃንዋሪ ጀምሮ ዳንስ ቤቱን ይሞሉታል፤ ወቅቱ ፋሺንግ ይባላል፣ በከተማዋ በመቶ የሚቆጠሩ የዳንስ ግብዣዎች ይደረጉበታል። ሐኪሞቹ የራሳቸው አላቸው፣ ጠበቆቹ የራሳቸው፣ አዳኞቹ፣ ኬክ ጋጋሪዎቹ፣ ቡና ቤት ባለቤቶቹም እንዲሁ። ኦፐርንባል የሁሉም ቁንጮ ነው።

ዕድሜው ግን ሰዎች እንደሚያስቡት የረዘመ አይደለም። በሪንግ ጎዳና ላይ ያለው ኦፔራ ቤት በ1869 ተከፈተ፤ ዐፄ ፍራንስ ዮሴፍ በቤቱ ውስጥ ጭፈራ መደረጉን አልወደዱትም። በ1877 የተፈቀደውም የሙዚቃ ምሽት ተብሎ ነው፣ ሰዉ ግን መጨረሻ ላይ ደነሰ። ኦፐርንባል በሚለው ስም የመጀመሪያው የተደረገው በ1935 ነው። ቤቱ በማርች 1945 በቦምብ ነደደ፤ በ1955 ተሠርቶ ተከፈተ፤ በተከታዩ ዓመት ዳንሱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ በ2021 እና በ2022 በኮሮና ሳይደረግ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ወንበሮቹ ተነቅለው ይወጣሉ፤ ወለሉ ከመድረኩ ጋር እኩል ይሆንና ፓርኬ ይነጠፍበታል፤ የኦፔራ ቤት የነበረው አንድ ግዙፍ አዳራሽ ይሆናል። አምስት ሺህ ያህል እንግዳ ይገባል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሰገነታቸው ሲታዩ መዝሙር ይዘመራል፤ ከዚያ የምሽቱ ጌጥ የሆኑት ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። ባለፉት ዓመታት ቁጥራቸው 144 ጥንድ ሆኗል። ሴቶቹ ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ክንድ የሚሸፍን ነጭ ጓንትና አነስተኛ አክሊል ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ ጭራ ያለው ጥቁር ኮትና ነጭ ፓፒዮን። ከመመረጣቸው በፊት ቫልስ የሚባለውን እየዞሩ የሚደንሱትን የጥንድ ዳንስ በግራ ዞረው መደነስ እንደሚችሉ ይፈተናሉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በቀኝ የሚዞረውን ማንም በአንድ ሳምንት ይለምደዋል፣ በግራ የሚዞረው ግን ወገብንና ጭንቅላትን እኩል ያደነዝዛል። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሴቶች ጥንድ ሆነው ከፍተዋል።

ወጣቶቹ ሲጨርሱ "ሁሉም ቫልስ!" የሚል ጥሪ ይሰማል፤ ወለሉም በአንዴ ይሞላል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ያን ጊዜ ማንም አይደንስም፣ ሁሉም ይገፋፋል። መደነስ የሚፈልግ ሰው ሌሊቱ እስኪገፋ ይታገሣል፤ ሙዚቃው እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይቆያል። እኩለ ሌሊት ላይ ካድሪል የሚባለው የሰልፍ ዳንስ አለ፤ መሪው ትእዛዙን በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ መፍረሱ ነው ጨዋታው። ከምሽቱ ሁሉ አለባበስና ደረጃ የሚረሳበት ሰዓት እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ዋጋውን አትናቁ። የመግቢያ ትኬት በ2023 350 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ወደ 400 ተጠግቷል። ይህ የሚያስገባው በር ብቻ ነው። መቀመጫ ያለው ጠረጴዛ ለብቻው ይከፈላል፤ የግል ሰገነት ከ20 ሺህ ዩሮ በላይ የሚያወጣ አለ። ትኬት ብቻ የያዘ ሰው ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ፣ በኮሪደርና በደረጃ እየተንሸራሸረ ያሳልፋል። የወንዱ ልብስ ፍራክ፣ ማለትም ያ ጭራ ያለው ኮት፣ እንጂ ተራ ሱፍ አይደለም፤ ስሞኪንግ የሚባለው ጭራ የሌለው የምሽት ሱፍም በር ላይ ያስመልሳል። የሌለው በከተማው ይከራያል። ውስጥ የሚሸጠው ቋሊማ ስንት ገባ የሚለው በየዓመቱ ለኦስትሪያ ጋዜጦች ዜና ነው።

መታየት የሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ተቃዋሚም ይመጣበታል። ከ1987 ጀምሮ ለዓመታት በኦፔራ ቤቱ ዙሪያ የሐሙሱ ምሽት የሰልፍ ምሽትም ነበር። የመጀመሪያው ሰልፍ በጀርመን ቫከርስዶርፍ ይሠራ የነበረውን የኑክሌር ማቀነባበሪያ የሚቃወም ነበር፤ በኋላ ጥያቄው ወደ ሀብታምና ድኻ ዞረ፣ ድንጋይም ዱላም ታየበት። ከውስጥ ደግሞ ሪቻርድ ሉግነር የሚባለው የሕንፃ ነጋዴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በ2024 እስኪሞት በየዓመቱ አንድ ዝነኛ ሰው በክፍያ ይጋብዝ ነበር። ሃሪ ቤላፎንቴ መጥቷል፣ ሶፊያ ሎረን መጥታለች፣ ኪም ካርዳሺያንም መጥታለች። ግብዣውን ቀድሞ ያዘጋጁ የነበሩት እመቤቶች ይህን እንደ ነውር ያዩት ነበር። እኔ በበኩሌ ሉግነር ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ በቁልምጫ የሚያደርጉትን እሱ በደረሰኝ አደረገው።

እንግዲህ ኦፐርንባልን ማን ይምረጥ? ሥነ ሥርዓት የሚወድ፣ አለባበስ የሚያስደስተው፣ አንድ ጊዜ በሕይወቴ ልየው የሚል። ለዳንስ ብሎ የሚሄድ አይምረጠው። ቪየና ወይም አካባቢው ያላችሁና በሐበሻ ቀሚስ መግባት የምትሹ እህቶች ደግሞ ትኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ለአዘጋጆቹ ጽፋችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በር ላይ ክርክር አያምርም።

እዚያው ቪየና፣ ሌሎቹ በሮች

ሥነ ሥርዓቱን ብቻ ማየት ለሚበቃው ሰው ቀላሉ መንገድ የዋዜማው ልምምድ ነው። ረቡዕ ማታ ያው ሰልፍ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው አበባ ይታያል፤ ለሕዝብ ትኬት ይሸጣል፣ ዋጋው ከዋናው ምሽት ጋር አይወዳደርም፣ ፍራክም አያስፈልግም። ሐሙሱን ደግሞ የኦስትሪያ ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፈዋል፤ ወጣቶቹ ከላይ ሲታዩ የሚሠሩትን ቅርጽ ወለሉ ላይ የቆመ ሰው አያየውም፣ ካሜራው ነው የሚያየው።

ለሙዚቃ የሚሄድ ሰው የፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራውን የዳንስ ግብዣ ይመልከት። ከ1924 ጀምሮ በሙዚክፌራይን አዳራሽ ይደረጋል፤ በአዲስ ዓመት ኮንሰርት በቴሌቪዥን የምናየው ወርቃማው አዳራሽ ነው። ለመደነስ የሚሄድ ደግሞ የቡና ቤት ባለቤቶቹን፤ በሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት በብዙ አዳራሾች ስለሚደረግ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ይገኛል።

ጭምብሉን ለሚፈልግ ደግሞ ቪየና ውስጥ አንድ በር ቀርቶለታል። የሩዶልፊና ሬዱት ይባላል፤ ከጾሙ በፊት ባለው ሰኞ በሆፍቡርግ ይደረጋል። ሴቶች ጭምብል ያደርጋሉ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ወንድ ሴትን እንድትደንስ አይጠይቅም፣ የምትመርጠው እሷ ናት። እኩለ ሌሊት ሲሞላ ጭምብል ይወልቃል። አዘጋጁ የካቶሊክ ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ ስለዚህ የድሮ ፓሪስን የመሰለ ነገር አትጠብቁ። ሆኖም የጥንቱ ሕግ፣ ማለትም የማትታወቀው ሴት ቃል ቀድማ መናገሯ፣ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ተጠብቋል። ከቪየና ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ።

ድሬስደን፦ ብርድና አደባባይ

የጀርመኗ ድሬስደን የዘምፐር ኦፔራ ቤት ታሪኩ የእሳት ታሪክ ነው። በ1841 ተከፈተ፣ በ1869 ተቃጠለ፣ በ1878 ዳግም ተከፈተ፣ በፌብሩዋሪ 1945 የቦምብ ሌሊት ፈረሰ፣ ልክ በ40ኛ ዓመቱ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1985 ተመለሰ። የዳንስ ግብዣው በ1920ዎቹ ተጀምሮ ጦርነቱ ሲነሣ ቆመ፤ በ2006 ታደሰ።

ከቪየና የሚለየው በሩ ውጭ ያለው ነው። ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ እንግዳ በፍራክ ሲደንስ፣ ውጭ በቴአትር አደባባይ ደግሞ ሺዎች በካፖርትና በሻርፕ ተጠቅልለው በትልቅ ስክሪን እያዩ በነጻ ይደንሳሉ። የቪየናው ሕዝብ ውጭ ቆሞ ሲቃወም የድሬስደኑ ውጭ ቆሞ ደነሰ፤ ይህን ያህል የተለያየ መልስ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ማየት ያስገርማል።

ጠባሳም አለው። ግብዣው የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም የያዘ ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ በ2009 ለቭላዲሚር ፑቲን ሰጠ። በ2020 ለግብፁ ፕሬዚዳንት አልሲሲ መሰጠቱ ሲሰማ ተቃውሞው በረታ፣ አዘጋጁ ይቅርታ ጠይቆ ከውሳኔው ተመለሰ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ግብዣው ለዓመታት ቀረ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ተመለሰ። የምትሄዱ ከሆነ የዓመቱን ፕሮግራም አይታችሁ አደባባዩ መኖሩን አረጋግጡ። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ፣ ልጅ ለያዘ፣ ቫልስ ለማያውቅ ሰው ከቪየና ይልቅ ድሬስደን ይሻለዋል። ወፍራም ካልሲ አትርሱ።

ፍራንክፈርት ለምትኖሩ፣ በአልተ ኦፐር የሚደረገው ግብዣም ቅርባችሁ ነው። የከተማው ነጋዴዎችና ባንኮች ምሽት ስለሆነ ግን ለእይታ ብዬ ባቡር አልሳፈርለትም።

ስቶክሆልም፦ ንጉሡ የተተኮሱበት

እዚህ የሚመረጠው ሙዚየም ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ኦፔራ ቤቱን ያሠሩ፣ ቴአትር የሚወዱ፣ መኳንንቱ ግን የማይወዷቸው ሰው ነበሩ። በማርች 16 ቀን 1792 ወደ ጭምብል ዳንሱ ከመግባታቸው በፊት እንዳይሄዱ የሚያስጠነቅቅ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሳቸው። ሄዱ። ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ከበቧቸው፤ ያኮብ ዮሃን አንካርስትሮም ከኋላ ተኮሰባቸው። ከ13 ቀን በኋላ ሞቱ። የዚያን ሌሊት ልብሳቸውና ጭምብላቸው፣ ሽጉጦቹም ጭምር፣ በስቶክሆልም ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ባለው የነገሥታቱ የጦር መሣሪያና አልባሳት ሙዚየም ተቀምጠዋል። የኦፔራ ቤቱ ሕንፃ ራሱ ከመቶ ዓመት በኋላ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። ጭምብል ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ማየት የሚሻ ሰው ከየትኛውም የዳንስ ትኬት ይልቅ ይህን ልብስ ይይ።

ሳይሄዱ መሄድ፦ ሥዕል

አሁን ወደ ኪነ ጥበቡ። አንድ ሥዕል ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ የኤዱዋር ማኔን የኦፔራ ቤት የጭምብል ዳንስ እዩ። በ1873 ተሣለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የድሮው የፓሪስ ኦፔራ ቤት ተቃጠለ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ከአንድ ሜትር በታች።

ቀርባችሁ ስትመለከቱ ዳንስ የለበትም። ያለው የወንዶች ግድግዳ ነው፦ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ባርኔጣ፣ አሁንም ባርኔጣ። በመካከሉ ጭምብል ያደረጉ ጥቂት ሴቶች፤ አንዳንዶቹ በጥቁር ካባ፣ አንዳንዶቹ በባለ ቀለም ልብስ። ወንዶቹ ፊታቸውን አልሸፈኑም፤ መደበቅ አላስፈለጋቸውም፣ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ላይ በሰገነቱ በኩል ሥዕሉ ተቆርጦ የተንጠለጠለ የሴት እግር ብቻ ይታያል፤ በግራ ጠርዝ ደግሞ ባለ ቀለም ልብስ የለበሰ ቀልደኛ ግማሽ ገላው ከሥዕሉ ውጭ ሆኖ ቆሟል። መሬት ላይ የወደቀች ትንሽ ካርድ አለች፣ የሠዓሊው ስም እሷ ላይ ተጽፏል። የገዛው ዝነኛው የኦፔራ ዘፋኝ ዣን ባቲስት ፎር ነበር፤ የ1874ቱ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ዳኞች ግን አልተቀበሉትም፣ ባለቅኔው ማላርሜ በጽሑፍ ተከራከረለት። ዳኞቹን ያስቆጣቸው የቀለም አቀባቡ ነው ይባላል። እኔ ራሳቸውን ሥዕሉ ውስጥ ያዩ ይመስለኛል።

ደስ የሚለው፣ ሥዕሉ ያለው ዋሺንግተን ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። በዚያ ከተማና በዙሪያው ካለው የሐበሻ ብዛት አንጻር፣ ለብዙ አንባቢዎቼ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ቅርቡ ምርጫ እሱ ነው።

ተወዳዳሪው ባልቲሞር ነው፣ እሱም በዋልተርስ ሙዚየም በነጻ ይታያል። የዣን ሌዮን ዤሮም ሥዕል ከጭምብል ዳንስ በኋላ የተደረገ የዱላ ሳይሆን የሰይፍ ግጥሚያ ያሳያል፤ ንጋት ነው፣ በረዶ ነው፣ ነጭ የቀልደኛ ልብስ የለበሰው በጓደኞቹ ክንድ ላይ እየሞተ ነው፣ አሸናፊው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሥዕል በ1857 የቀረበው ሲሆን ፈረንሳይ ሻንቲዪ ይገኛል፤ የባልቲሞሩ ሠዓሊው ራሱ የደገመው ነው። ታሪክ የሚያወራ ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ዤሮም ቶሎ ይይዛችኋል፣ ቶሎም ያልቃል። ማኔ በመጀመሪያ ምንም አይነግራችሁም፤ ደጋግማችሁ ስታዩት ግን በየጊዜው ሌላ ነገር ይወጣዋል። አንድ ቀን ካላችሁ ባልቲሞርን በጠዋት፣ ዋሺንግተንን ከሰዓት አድርጉ።

መድረክና መጽሐፍ

ከስቶክሆልሙ ግድያ ዝነኛውን ኦፔራ፣ "የጭምብል ዳንስ"ን፣ የሠራው ጣሊያናዊው ቬርዲ ነው። የኔፕልስ ሳንሱር ንጉሥ መድረክ ላይ እንዲገደል አልፈቀደም፤ በጃንዋሪ 1858 በናፖሊዮን 3ኛ ላይ ቦምብ ተጥሎ ስለነበር ፍርሃቱ ትኩስ ነበር። ቬርዲ ሥራውን ይዞ ወደ ሮም ሄደ፤ በፌብሩዋሪ 1859 ሲታይ ንጉሡ ንጉሥ መሆናቸው ቀርቶ የቦስተን አገረ ገዥ ሆነዋል። ዛሬ አንዳንድ ቤቶች ወደ ስዊድን ይመልሱታል፣ አንዳንዶች ቦስተን ይተዉታል፤ ትኬት ስትቆርጡ የትኛው እንደሆነ እዩ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ማሪያን አንደርሰን በጃንዋሪ 1955 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው በዚህ ሥራ ነው፣ የጠንቋይዋን የኡልሪካን ቦታ ይዛ። ከእሷ በፊት በዚያ መድረክ ላይ ጥቁር ዘፋኝ በዋና ክፍል አልቆመም።

መሣቅ ከፈለጋችሁ ሁለት የቪየና ሥራዎች አሉ። የሪቻርድ ሆይበርገር ኦፔሬታ በ1898 ታየ፤ ስሙ ራሱ የኦፔራው የዳንስ ግብዣ ማለት ነው፣ የሚካሄደው ግን ፓሪስ ነው። ሁለት ሚስቶች የባሎቻቸውን ታማኝነት ለመፈተን ስም የሌለው የግብዣ ደብዳቤ ይልካሉ፤ በሮዝ ካባ ትጠብቅሃለች ይላል። ሁለቱም ባሎች ይመጣሉ። ችግሩ የቤት ሠራተኛዋም ያንኑ ካባ ለብሳ፣ ለሌላ ሰው የራሷን ደብዳቤ ልካ መምጣቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር እራት እንደበላ ለማወቅ ሌሊቱ አይበቃም። ዛሬ ከኦፔሬታው ይልቅ የሚታወቀው ሠራተኛዋ የምትዘፍነው የግብዣ ዜማ ነው፤ ሙሉውን የሚያሳይ ቤት ካገኛችሁ አትለፉት። ሁለተኛው የዮሃን ሽትራውስ "የሌሊት ወፍ" ነው፣ በ1874 የታየው። ግብዣው በኦፔራ ቤት ሳይሆን በአንድ የሩሲያ ልዑል ቤት ነው፤ ነገር ግን ባል የገዛ ሚስቱን ጭምብል ስላደረገች ሳያውቃት ሲያሽኮረምማት፣ ሠራተኛዋም የእመቤቷን ቀሚስ ለብሳ ጌታዋን ፊት ለፊት ስትስቅበት፣ የፓሪሱ ጨዋታ ቪየና ገባ ማለት ነው። ሙዚቃው ከሆይበርገር ይበልጣል። ጭምብሉን በተመለከተ ግን ሆይበርገር ይበልጣል፤ ባሎቹ ሳይሆኑ ሴቶቹ የሚያቅዱት ስለሆነ።

ለማንበብ ከሆነ ባልዛክ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ክብርና ውርደት የጻፈው ልብወለድ በ1824ቱ የኦፔራ ዳንስ ይከፈታል፤ ጭምብል ያደረገችውን ሴት አረማመዷ ሲያጋልጣት ማንበብ ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ቦታውን ያስረዳል። ጋስቶን ለሩ ስለ ኦፔራው መንፈስ በጻፈው ላይ በቀይ ሞት ተመስሎ የሚመጣው እንግዳ ዝነኛ ነው፤ አስፈሪ ታሪክ ለሚወድ ወጣት አንባቢ ይሆናል። የኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃስሊንገር የ1995 ልብወለድ ደግሞ ወደ መታየቱ ዓለም ይመልሰናል፦ የቀኝ አክራሪዎች በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለውን ኦፐርንባል በመርዝ ጋዝ ያጠቁታል፣ ካሜራዎቹም ሞቱን ያስተላልፉታል። ተራኪው ልጁን ካሜራ ሲያነሣ ያጣ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ትኬት የገዛ ሰው ከምሽቱ በኋላ ቢያነበው ይሻላል።

በገንዘብ ለሚያስብ አንባቢ የመጨረሻ ጥቆማ፦ "የሌሊት ወፍ" በአዲስ ዓመት ዋዜማ በቪየናው ኦፔራ ቤት የመታየት ልማድ አለው፤ ቤቱ ደግሞ ለትርኢቶቹ የቁም ቦታ በርካሽ ይሸጣል። ለዲሴምበሩ ምሽት ወረፋው ይረዝማል፣ ስለዚህ ትኬቱ የሚለቀቅበትን ቀን ቀድማችሁ እወቁ። በዚያው ወለል ላይ ከሁለት ወር በኋላ 400 ዩሮ ከፍሎ የሚቆም አለ።